የግማሽ ሚሊሜትር ክሪስታልና አንድ ፔርሙዝ ናይትሮጅን፦ የሥራ ማስታወሻ ከአዳማ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ማታ

ክሪስታሏ ዛሬ እጄ ገባች። የላከልኝ ጀርመን የሚማር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። አንድ ፊቷ ስለተቧጨረ ለእነሱ ሥራ አትሆንም፤ እህቱ ለእረፍት ስትመጣ መነጽር መያዣ ውስጥ በጥጥ ጠቅልላ አዳማ ድረስ አመጣችልኝ። ስሟ ስትሮንሺየም ታይታኔት ነው። ጎኗ በጎኗ 5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 0.5 ሚሊሜትር። ስታያት የተሰበረ ብርጭቆ ቁራጭ ትመስላለች። አንዱ ፊቷ እንደ መስታወት ተወልውሏል፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ወረንጦ ሲያልፍበት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እንዳለፈ ሻከር ይላል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህች ክሪስታል ስትቀዘቅዝ ለኤሌክትሪክ ያላት ምላሽ እንዴት እንደሚያድግ ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር በራሳችን እጅ መለካት። ይህን ምላሽ የሚገልጸው ቁጥር፣ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቷ፣ በክፍል ሙቀት 300 ገደማ ነው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ወደ 2000 ይጠጋል፣ በ4 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ደግሞ ከ20,000 ያልፋል። የመስኮት መስታወት 10 እንኳ አይሞላም። ይህ ማለት አቶሞቿ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ሲያገኙ በቀላሉ ሸርተት ይላሉ፣ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ይብሱን ይለሰልሳሉ።

ፊዚክስ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ቁስ በእጄ ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬ ሥራ አልነካሁም። ግን ለምን ይህችን ክሪስታል እንደመረጥኩ እዚህ ላስቀምጥ፣ ተማሪዎቼም ያነቡታል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ኦቶሞና ሁዋንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስትሮንሺየም ታይታኔት ላይ ላንታነም አሉሚኔት የሚባል ሌላ ኦክሳይድ በስስ ንብርብር አሳደጉ። ሁለቱም ለየብቻቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ናቸው። የተገናኙበት ድንበር ግን አስተላለፈ። ሁለት ደረቅ ግድግዳ ተጋጥሞ መሀሉ ላይ ውኃ ሲወርድ እንደማየት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ቡድን የላይኛውን ንብርብር እየቆጠረ ሲጨምር አንድ ነገር አየ። ሦስት ዩኒት ሴል (የክሪስታሉ ትንሹ ተደጋጋሚ ክፍል) ሲሆን ምንም የለም። አራተኛው ሲጨመር መንገዱ ይከፈታል። አንዱ ዩኒት ሴል 0.4 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ እንግዲህ ልዩነቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አስቡት!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የላንታነም አሉሚኔት ንብርብሮች አንዱ ፕላስ፣ አንዱ ማይነስ ቻርጅ እየያዙ ይደራረባሉ። የስትሮንሺየም ታይታኔት ንብርብሮች ግን ቻርጅ የላቸውም። ፕላስና ማይነሱ በተደራረበ ቁጥር ቮልቴጁ ይጠራቀማል፣ አንድ ቦታ ላይ ክሪስታሉ መሸከም ያቅተውና ኤሌክትሮኖች ወደ ድንበሩ ይወርዳሉ። ኦክስጅን የጎደለባቸው ቦታዎችም ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ የማን ድርሻ ይበልጣል የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለእኔ ሁለቱም አብረው እንደሚሠሩ ነው የሚታየኝ።

ከዚያም በ2007 እ.ኤ.አ. ያው ድንበር ከ0.2 ኬልቪን ገደማ በታች ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያስተላልፍ፣ እንደሚሆን ታየ። በዚያው ዓመት የማግኔት ምልክት ያዩም ነበሩ። ሁለቱም፣ ሱፐርኮንዳክተሩም ማግኔቱም፣ የሲሜትሪ መሰበር ናቸው።

ሲሜትሪ መሰበር ምን ማለት ነው? ጠዋት በማለዳ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጆች ሲሰበሰቡ እዩ። ባዶ ቦታ ላይ አንድ ባጃጅ ወደ ፈለገበት ዞሮ መቆም ይችላል፣ ቦታው ለማንም አያዳላም። የመጀመሪያው አፍንጫውን ወደ አስፋልቱ ካዞረ ግን ሁለተኛው ከጎኑ በዚያው አቅጣጫ ይቆማል፣ ሦስተኛውም፣ ሠላሳኛውም። ማንም አላዘዘም። ቦታው አልተቀየረም። ሰልፉ ግን አንዱን አቅጣጫ መረጠ። በክሪስታል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችና አቶሞችም ሲቀዘቅዙ እንደዚህ ይመርጣሉ።

ድንበር ላይ ደግሞ አንዱ ሲሜትሪ ገና ከመነሻው የለም። ክሪስታሉ መሀል ብትቆም ላይህም ታችህም አንድ ነው። ድንበሩ ላይ ብትቆም ግን ላይህ ሌላ፣ ታችህ ሌላ ነው። ኤሌክትሮኑ የሚኖረው እዚያ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ልኬት አልሆነም። አሠራሩ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ክሪስታሏን በሁለት የአሉሚኒየም ፎይል መሀል አድርጎ፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ካፓሲታንሷን፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሟን፣ መለካት። ይህን የሚለካውን ኤልሲአር ሜትር የተዋስኩት ቴሌቪዥን ከሚጠግን ወዳጄ ነው። ሽቦዎቹ ለብቻቸው የሚያሳዩትን መጀመሪያ ለክቼ ቀነስኩ፣ ይህን የሚረሳ ሰው በትንንሽ ቁጥር ይሳሳታል።

በሂሳብ መውጣት የነበረበት 133 ፒኮፋራድ ነው። የወጣው 41።

መቆንጠጫውን ቀየርኩ፣ ፎይሉን በማንኪያ ጀርባ አለሰለስኩ፣ በላዩ ላይ የብረት ክብደት ጫንኩ። 44 ደረሰ፣ ከዚያ አላለፈም። አንድ ሰዓት ሙሉ ክሪስታሏ ሌላ ነገር ትሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን ሠራሁት።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ። የክሪስታሏ ውፍረት 500 ማይክሮሜትር ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቷ 300 ስለሆነ ግን ለካፓሲተሩ የምትታየው 500 ለ300 ተካፍሎ፣ እንደ 1.7 ማይክሮሜትር አየር ብቻ ነው። ስለዚህ በፎይሉና በሻካራው ፊት መሀል 4 ማይክሮሜትር የማይሞላ አየር ከገባ፣ ያ አየር በንባቡ ላይ ከክሪስታሏ ሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል። የፀጉር ክር ውፍረት አንድ ሃያኛ! ማየት ቀርቶ በጣት ልትዳስሰው የማትችለው ክፍተት ነው ቁጥሩን የወሰነው። ሜትሩ ሲለካ የዋለው ክሪስታሏን ሳይሆን ድንበሯን ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመንገር ይልቅ ያንኑ ፎይል ይዘው ራሳቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ፎይሉን አልጣልኩትም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አየሩን የሚያስወግድ ነገር ያስፈልጋል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የኋላ መስታወት ማሞቂያ መስመር የሚጠገንበትን የብር ቀለም ገዛሁ። ጠብታዋ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋ ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያው ቅብ ጠርዙን አልፎ ፈሰሰና ሁለቱን ፊቶች አገናኛቸው፣ ሾርት። በአሴቶን አጠብኩት። በሁለተኛው ላይ ጠርዙን ዙሪያውን በቀጭን ፕላስተር ከለልኩ፤ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ (ከመፋቂያው አንድ ጭረት ልጬ ነው) ቀለሙን ከመሀል ወደ ጠርዝ እየገፋሁ ሳብኩት። ፕላስተሩን ቀለሙ ሳይደርቅ ማንሳት ይሻላል። ከደረቀ በኋላ ሲነሳ ጠርዙን ይዞት ይሄዳል። የተቀባው ካሬ 4.8 በ4.8 ሚሊሜትር ሆነ። የፀጉር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ በዚያው ቀለም አጣበቅኩ፣ ሽቦውን ያገኘሁት ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው።

ለዚህ ስፋት ሂሳቡ 122 ይላል። ንባቡ 119! በ27 ዲግሪ ሙቀት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ናይትሮጅን እስኪገኝ ተማሪዎቹ በሌላ ቁስ ተለማመዱ። ከወዳጄ የመለዋወጫ ሳጥን 104 የተጻፈበት ክብ ሴራሚክ ካፓሲተር አወጣን። ውስጡ ባሪየም ታይታኔትን መሠረት ያደረገ ሴራሚክ ነው፣ የእኛ ክሪስታል የቅርብ ዘመድ። ንጹህ ባሪየም ታይታኔት ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ አቶሞቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሸርተት ይላሉ፣ ሲሜትሪው ይሰበራል፣ እዚያ ቦታ ላይ ካፓሲታንሱ ተራራ ይሠራል። ፋብሪካዎች ሌላ ነገር ቀላቅለው ተራራውን ወደ ክፍል ሙቀት ያወርዱታል።

ካፓሲተሩን በፌስታል ጠቅልለን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከተትን። በ27 ዲግሪ 96 ናኖፋራድ፣ በ80 ዲግሪ 38። አንዷ ልጅ «ቲቸር ተበላሸ!» ብላ ደነገጠች። ሲቀዘቅዝ ወደ 95 ተመለሰ። በበረዶ ውኃ ደግሞ እንደገና ወረደ። ሁለቱም ጎን ቁልቁለት ነው፣ ቆመን የነበረው ተራራው አናት ላይ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውኃ የምትፈትሹ ካላችሁ፣ አዳማ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ብላችሁ ከያዛችሁ ሁሉም ቁጥር ይዛባባችኋል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ናይትሮጅን ተገኘ። ያገኘሁት ከየትኛውም ላብራቶሪ አይደለም፣ ላም ከሚያዳቅሉ ባለሙያ ነው። የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነውና ሁልጊዜ በእጃቸው አለ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ።

«ለተማሪ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ለሳይንስ ክበብ ነው።»

«እንግዲያው የሚተርፈኝን እሰጥሃለሁ። ክዳኑን ግን እንዳትገጥመው ልጄ፣ ይፈነዳል። በተዘጋ ክፍልም እንዳትከፍተው፣ ሳታውቀው ትንፋሽ ያሳጥርሃል።»

የብረት ፔርሙዝ ይዤ ነበር። ሲቀዱልኝ ፈሳሹ እየጮኸ፣ ነጭ ጭጋግ በፔርሙዙ አፍ ላይ እየተንከባለለ ወደ መሬት ይወርድ ነበር። አፉን በጥጥ ብቻ ሸፍኜ፣ ባጃጁን በሁለቱም ጎን ክፍት አስደርጌ በዝግታ መጣን።

በረንዳ ላይ ነው የሠራነው። ልጆቹን መነጽር አስደረግኋቸው፣ ከሁለት ሜትር አልቀረቡም። በመጀመሪያው ሙከራ ክሪስታሏን ቶሎ አወረድኳት። ጭስ አለች፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሜትሩ ዜሮ ገባ። ልቤ ቀጥ አለ። ሳወጣት ግን አልተሰነጠቀችም፣ የተላቀቀው ሽቦው ነው። ቀሪው ናይትሮጅን ሽቦው እስኪደርቅ አልጠበቀም፣ ተነነ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ ሆነ።

ክሪስታሏን የመዳብ ጠፍጣፋ ላይ በክር አሰርኳት፣ ከጎኗ አንድ ተራ ሲልከን ዳዮድ። ዳዮዱ ቴርሞሜትራችን ነው። በ9 ቮልት ባትሪና በአንድ ሜጋኦም ሬዚስተር ትንሽ ከረንት ይሰጠዋል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል። በበረዶ ውኃ 0.51 ቮልት፣ በናይትሮጅን 0.98። በሁለቱ መሀል ቀጥ ያለ መስመር አሰመርን። ናይትሮጅንም እንደ ውኃው እዚህ ከፍታ ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚፈላው፣ 77 ሳይሆን 76 ኬልቪን ገደማ።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ጭጋጉ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆየኋት፣ ከዚያ በየደቂቃው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ታች። ሜትሩን የያዘው ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላዋ ትጽፋለች። 134። 191። 268። «ቲቸር 400 አለፈ!» ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ፣ ቁጥሩ ብቻ እየወጣ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ስትገባ 694 ላይ ቆመ።

ከ119 ተነስቶ 694። ያው ክሪስታል፣ ያው ሽቦ፣ ያው ሜትር። ሃያ ዓመት ያነበብኩትን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አየሁት።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አንደኛው 105 ኬልቪን ነው። ስትሮንሺየም ታይታኔት በ105 ኬልቪን ላይ ሲሜትሪዋ እንደሚሰበር የታወቀ ነው፣ ከኩብ ወደ አንድ ወገን ወደተሳበ ኩብ ትቀየራለች። ልጆቹ እዚያ ቦታ ላይ ተራራ ጠብቀው ነበር፣ እንደ ሴራሚኩ። ምንም የለም። 105 ላይ ንባቡ 430 ነበር፣ መስመሩ ዝም ብሎ ወጥቶ አለፈ። አንዱ «እና ታዲያ አልተሰበረም?» አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተሰብሯል፣ ግን የተሰበረው ሌላ ነው። እዚህ የሚሆነው የኦክስጅን አቶሞቹ በታይታኒየሙ ዙሪያ ትንሽ መዞራቸው ነው፤ አንዱ በግራ ሲዞር ጎረቤቱ በቀኝ። ፕላስና ማይነሱ ስለማይለያይ ካፓሲተር ይህን አያይም። ብርሃን ያየዋል፣ ኤክስሬይ ያየዋል።

ያ ዝምተኛ ለውጥ ግን ከንቱ አይደለም። ክሪስታሏ የምትሳብበት አቅጣጫ ሦስት ምርጫ አለው፣ አንዱ ሰፈር አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይመርጣል፣ በመሀል ወሰን ይፈጠራል። በ2013 እ.ኤ.አ. ካሊስኪና ባልደረቦቿ ጥቃቅን ማግኔታዊ መስክ በሚያነብ መሣሪያ ያንን የላንታነም አሉሚኔት ድንበር ሲቃኙ፣ ከረንቱ በእኩል ተዘርግቶ አይደለም ያገኙት። በጠባብ መስመሮች ላይ በዝቶ ይፈስሳል፣ መስመሮቹም እነዚህን ሰፈሮች ይከተላሉ። በታች ያለው ክሪስታል የመረጠው አቅጣጫ በላይ ለሚሮጠው ኤሌክትሮን መንገድ ሆነለት ማለት ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖታሲየም ታንታሌት በሚባል ዘመዷ ላይ ዩሮፒየም ኦክሳይድ አሳድገው ድንበሩ እስከ 2 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ፣ ከቀድሞው አሥር እጥፍ። ክሪስታሉ በተቆረጠበት ፊት ላይ አቶሞቹ ባለ ሦስት ጎን ንድፍ አላቸው፣ ስለዚህ አንዱ አቅጣጫ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት የለም። ከረንቱ ግን ወደ ሱፐርኮንዳክተርነት ሲጠጋ በአንዱ አቅጣጫ ቀሎት በሌላው ከበደው። ኤሌክትሮኖቹ መስመር መስመር ሠርተው የተሰለፉ ይመስላል። ባጃጆቹን ያስታውሰኛል።

ሁለተኛው እንቅልፍ የነሣኝ 694 ነው። ኮንስታንቷ 2000 ከሆነ መሆን የነበረበት 816 ነው፣ ወደ 15 በመቶ ጎደለ። በክፍል ሙቀት ግን የጎደለው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ስፋቱን በማስመሪያ ተሳስቼ ለክቼ ቢሆን ሁለቱም በእኩል ይጎድሉ ነበር። ስለዚህ ስፋቱ አይደለም። የተጠቀምኩበት ቀመርም እስከዚህ አይስትም።

የፎይሉን ሂሳብ መልሼ ሠራሁ። ክሪስታሏ ስትቀዘቅዝ ለካፓሲተሩ የምትታየው 0.25 ማይክሮሜትር አየር ብቻ ሆናለች። በቀለሙና በሻካራው ፊት መሀል 0.045 ማይክሮሜትር የምታህል ክፍተት ብትቀር፣ በሙቀት ጊዜ 3 በመቶ ትበላለች፣ በቅዝቃዜ 15። ሁለቱም ንባብ በአንዲት ክፍተት ይገጥማል! እየቀዘቀዘች ሳለ የጻፍናቸውን 430፣ 268፣ 191ም አስገባኋቸው፣ እነሱም ገጠሙ። ያቺን ክፍተት ጥቅምት 16 ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር። ክሪስታሏ በለሰለሰች ቁጥር ድንበሯ ነው የሚገንነው። ስስ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች «የሞተ ንብርብር» እያሉ የሚያማርሩት ነገር ይኸው ነው፤ እኔ በመኪና ቀለም አገኘሁት።

ይህ ግምት እንዳይሆን መፈተን አለበት። ሐሳቤ ይኸው፦ የብር ቀለሙን በአሴቶን አጥቤ፣ ሻካራውን ፊት በደቃቁ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት (2000 ቁጥር፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ጋ አለ) ሳሙና በነካው ውኃ ለግማሽ ሰዓት ማሸት፣ በአልኮል ማጽዳት፣ መልሶ መቀባት። ክፍተቷ እውነት ከሆነችና በማሸቱ በግማሽ ከቀነሰች የሙቀቱ ንባብ ከ119 ወደ 121 ነው የሚነሳው፣ ያ ከስህተት አይለይም። የናይትሮጅኑ ግን ከ694 ወደ 750 መዝለል አለበት። ካልዘለለ ሐሳቤ ተሳስቷል፣ ሌላ እፈልጋለሁ።

ልጆቹ ደግሞ የየራሳቸውን ይዘዋል። ከተሰበረ የስልክ ስክሪን ሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ) ልጠዋል፣ ክሪስታሏን በመሀላቸው አድርገው ከ105 በታች ሰፈሮቹን በብርሃን ለማየት። ትናንት በባዶ ሲሞክሩት ውርጭ ወዲያው ሸፈነው። አሁን ከላይ የሚተነውን ደረቅ ናይትሮጅን በስትሮ ወደ ክሪስታሏ ለመንፋት ክዳን እየሠሩ ነው።

ጋሼ ቀጣዩ ናይትሮጅን ሐሙስ ይመጣል ብለዋል። ብርጭቆ ወረቀቱን ዛሬ ገዝቻለሁ።